አንገት ደፊው ቤዝ ጊታር

ዘፋኟ ሽቦ ቤዝ ጊታሩን አነገተችና ሁለት እጆቿን ለቀቀች። ጊታሩ መጀመሪያ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ፍጥነት ጨመረ። ጭንቅላቱ የአናጢውን ሞርሳ ሊመታ ትንሽ ሲቀረው ከበሮ መቺው ጎማ በመዳፉ ቀለበው።

«አዩት አይደል፣ አባባ?» አለች ሽቦ። «እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ልጫወተው ነው ወይስ እሹሩሩ ልበለው?»

«አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» አለ ጎማ። የማን ዕቃ እንደሆነ ትዝ ያለው ከተናገረ በኋላ ነው። ጊታሩን ወደ ላይ መለሰና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

አናጢው አልሳቀም፣ አልተቀየመምም። እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ሰካና ተጠግቶ አየ። ይህን ጊታር ያውቀዋል ማለት ያንሳል። ገላውን ከጣውላ ጠርቦ ያወጣው ራሱ ነው። አንገቱንና ጭንቅላቱን ብቻ፣ ከነብረት መቃኛዎቹ፣ ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ ጠጋኝ ዘንድ ገዝቶ ገጠመው፤ ከተሰበረ ጊታር የተረፉ ነበሩ። የሠራው ለአንድ ልጁ ነው። ልጁ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላም።

በባንዱ ውስጥ ሁሉም የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው፤ ቅጽሉን የሚያወጣው ደግሞ ልጁ ነበር። ክንዷ የቀጠነውን ዘፋኝ «ሽቦ» አላት። ከበሮው ፊት ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያቃስትበትን ጓደኛውን «ጎማ» አለው። እነሱም ተመካክረው እሱን «ወፍራሜ» አሉት። ንፋስ ገፋ ቢያደርገው የሚወድቅ ልጅ ስለነበር፣ ስሙን ሰምቶ መልኩን ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። ወፍራሙ እሱ ሳይሆን ከቤዙ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ከጆሮ በፊት ደረት ላይ ነው የሚደርሰው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ባንዱ ወፍራሜ ሲጫወትበት በኖረው አዳራሽ እሱን አስቦ ሊጫወት ነው። ቤዙን የምትይዘው ሽቦ ናት። ልጁ ሆስፒታል ሲመላለስ የሱን ቦታ ትሸፍን የነበረችው እሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ ግን በተዋሰችው ቤዝ ነበር።

«አሁን በሱ ነው መጫወት የምፈልገው» አለች፣ በፋሻ የተጠቀለለ የግራ እጇን አንጓ እያሳየች። «ግን አንድ ዘፈን ሳልጨርስ እጄ ይዝላል። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ መቼስ ምን ይደረጋል፣ የሰው ይዤ እገባለሁ። የሱ ከመድረኩ ኋላ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ሰው ይየው።»

አናጢውን ግድግዳ የሚለው ቃል ጎረበጠው። የልጁ ፎቶ ግድግዳ ላይ ነው። የልጁ ኮት በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። በዚያ ቤት ያልተሰቀለ ምን ቀረ? ልጁ እንደማይመለስ ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። ድምፁን ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቱ ላይ ቢሰማው ይፈልጋል። ከሆስፒታሉ ቀናት ወዲህ ጊታሩ ድምፅ ማጉያ ላይ ተሰክቶ ሰምቶት አያውቅም።

«እሱ ምን ያደርገው ነበር?» አለ። «እኔ ፊት አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም።»

ሽቦና ጎማ ተያዩ። መጨረሻ ላይ ጎማ አፉን ከፈተ።

«ይሸከመው ነበራ፣ አባባ። በግራ እጁ አንገቱን ደግፎ፣ በቀኝ ክንዱ ደግሞ እዚህ ጋ ተጭኖ።» የገላውን የላይኛውን ጠርዝ በጣቱ ነካ። «እጁን ሲለቅ እኔም አላየሁትም። ላብ ሲጠርግ እንኳ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስደግፎ ነው።»

አናጢው ጠርዙን አየ። ቀለሙ ተልጦ፣ ከስሩ ያለው ቨርኒሽ አልቆ፣ ነጩ እንጨት ወጥቷል። በሚሠራበት ጊዜ ሹል የነበረው ጠርዝ እንደ አሮጌ ደረጃ ጎድጉዷል። እንጨት አይዋሽም። ልጁ በስንት ኃይል ሲጫነው እንደኖረ እዚያው ላይ ታትሟል።

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኔ አንድ ቀን ልነግርዎት ስል ‹ምላስህን ነው የምቆርጠው› አለኝ» አለ ጎማ። «‹አባቴ የሠራው እንዲቀለኝ ብሎ ነው፤ እሱ ዘንድ ሄደህ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብትል አንተን አያርገኝ› አለኝ። እኛም ዝም አልን።»

እንዲቀለው። እውነት ነው።

ልጁ ልቡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳይሸከም ብሎ ሲመክር አባትና እናት ምክሩን እንደ ሕግ ያዙት። ባልዲ አያነሳም። ጆንያ አይነካም። ትምህርት ቤት የደብተር ቦርሳውን እናቱ ይዛለት ስትሄድ ልጆቹ ሲስቁበት፣ «ለንጉሥ ነው ዕቃ የሚያዝለት» ብሎ እሱም አብሮ ይስቃል። አድጎ ቤዝ ጊታር ልጫወት ሲል፣ ሱቅ ገብተው አንዱን ቢያነሱት ክብደቱ የበር መቃን ያህል ሆነ። አናጢው ጊታሩን ወደ ቦታው መለሰና «እኔ እሠራልሃለሁ» አለ። በሥራ ቤቱ ካለው ጣውላ ሁሉ ቀላሉን መረጠ። ይህም አልበቃ ብሎት ውስጡን ግራና ቀኝ በመሮ ቦረቦረው፣ ከላይ በስስ ጣውላ ከደነው፣ አሸገው። ሲያልቅ በአንድ እጁ አንስቶ «ላባ ነው» ብሎ ሰጠው። ልጁም እንደ ላባ እያገላበጠ ቤቱን ዞረበት። አናጢው በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያን ቀን የኮራውን ያህል ኮርቶ አያውቅም።

ገላውን አቀለለው፤ አንገቱና ጭንቅላቱ ግን እንደነበሩ ነበሩ። በአንድ ወገን ላባ፣ በሌላ ወገን ብረት። ስንቱን የዘመመ በር ያቃና ሰው፣ ክብደቱ ስንት ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ ክብደቱ በየት በኩል ነው ብሎ ሳይጠይቅ ቀረ።

«ቅዳሜ ይደርስልሻል» አላት ሽቦን። «እንግዲህ ይዤው ልደር።»

በማግስቱ ማለዳ የበር ሥራውን ሁሉ ወደ ጎን ገፍቶ ጊታሩን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ቀላል ነበር። የጎደለው ክብደት ከሆነ ክብደቱን መመለስ ነው። የሚስማር ከረጢት ወስዶ የጊታሩ ሆድ መሀል ላይ በገመድ አሰረ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ በማንገቻው አንጠልጥሎ ለቀቀው። ጊታሩ ያው አንገቱን ደፋ። ከረጢቱን ወደ ጭራው ጫፍ ሲያወርደው ግን ጭንቅላቱ ቀና አለ። አናጢው ራሱን ነቀነቀ። ገበያ ውስጥ ሚዛን የያዘ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ አሁን፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ተማረው። መሀል ላይ የተቀመጠ ክብደት ለማንም አይጠቅምም።

ከከባድ እንጨት ሁለት ቁራጭ ጠረበ። ሐሳቡ ጀርባውን ከፍቶ፣ ድሮ የቦረቦረውን ክፍተት ከጭራው በኩል ጀምሮ መሙላት ነው። የሚቆርጥበትን መስመር በእርሳስ አሰመረ። መሮውን ሞረደ። ስለቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ መዶሻውን አነሳ፤ መዶሻው አልወርድ አለ። መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አነሳ።

ጎማ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ከሙዚቃ ዕቃ ጠጋኙ የለመናቸው አራት መቃኛዎች ናቸው። ትናንሽና ስስ ናቸው። አሮጌዎቹ ብረቶች ግን እያንዳንዳቸው የበር ቁልፍ ያህላሉ።

«ጭንቅላቱን የሚያከብዱት እነዚያ ናቸው አለኝ ሰውዬው...» ብሎ ጀመረና የእርሳሱን መስመር አየ። ከአጠገቡ ያሉትን ቁራጭ እንጨቶች አየ። «አባባ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልሞላው ነው። እኔ ባዶ አደረግሁት፣ እኔው እሞላዋለሁ።»

«ኧረ አይሆንም፣ አባባ።» ጎማ በግዙፍ እጁ ጊታሩን ሸፈነው፤ ከስለት ፊት ሕፃን የሚሸሽግ ይመስል። «ድምፁ እኮ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሌላ ባንድ ሁሉ እየመጣ ‹ይህን ድምፅ ከየት አመጣኸው› እያለ ያሰለቸው ነበር። ‹የአባቴ ምስጢር ነው፣ አልናገርም› ይላቸው ነበር። ከሞሉት እንደ ማንም ቤዝ ነው የሚሆነው።»

አናጢው የጊታሩን ገላ በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ። ውስጡ ሰው ያለበት ክፍል በር ሲንኳኳ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ መለሰለት። እጁን አነሳና ሁለተኛ ሳያንኳኳ ተወው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይህ ነው» አለ።

«ደረስኩልዎት።»

«ደረስክ። እዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጥ፤ ግን ቀስ ብለህ፣ እሱ ደግሞ ደካማ ነው።»

ጎማ ሳቀ። ልጁ ካረፈ ወዲህ በዚያ ሥራ ቤት ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ሁለቱም ደነገጡ።

ጎማ ከሄደ በኋላ አናጢው ጊታሩን ራሱ አነገተ። ሠርቶታል እንጂ አንግቶት አያውቅም። ማንገቻው ለልጁ ቁመት የተለካ ስለነበር እሱ ላይ ዝቅ አለ። በግራ እጁ አንገቱን ደገፈ። ቀኝ ክንዱን በጎደጎደው ጠርዝ ላይ አሳረፈ፤ ክንዱ ጉድጓዱን ፈልጎ ገባ። ልክ ነው። ልጁ እዚህ ነበር የቆመው፣ እንዲህ ነበር የቆመው። እስኪ ምን ያህል እንደሚያደክም ልየው ብሎ ዝም ብሎ ቆየ። ትንሽ ቆይቶ ግራ እጁ ዛለ። የእሱ እጅ መጋዝ የለመደ እጅ ነው።

ባለቤቱ ምሳ ደርሷል ልትል መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷታል። ከኋላ ሲታይ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ ግራ ትከሻው ወርዶ፣ ሌላ ሰው መሰላት። ትንፋሿን ሰምቶ ዞረ።

«አውልቀው እስቲ» አለችው።

አወለቀው። እሷ ግን ጊታሩን አላየችም። ማንገቻውን ገልብጣ የውስጡን አየች። ቆዳው ለስላሳው ፊት ወደ ውጭ፣ ሻካራው ወደ ትከሻ ሆኖ ሌላ ቁራጭ ቆዳ በላዩ ተሰፍቶበታል። ስፌቱ የባለሙያ አይደለም፤ አንዱ ጥልፍ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። እሷ ከልብስ ስፌት ሌላ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ የልጇን እጅ ከስፌቱ ለየችው።

«እንዳይንሸራተትበት ነው» አለ አናጢው። «ጭንቅላቱ ሲወርድ ማንገቻው ትከሻ ላይ ይንሸራተታል። ሻካራ ከሆነ ይይዛል።»

«ሸሚዙን የሚበላብኝ ይህ ነበር በለኛ» አለች።

«የቱን ሸሚዝ?»

«ሁሉንም። ስንት ዓመት ሙሉ ግራ ትከሻውን ብቻ እጥፋለሁ። ቀኙ አዲስ፣ ግራው ወንፊት። ‹አንተ ልጅ ምን ተሸክመህ ነው› ስለው...» ማንገቻውን ለቀቀችው። «‹ሴቶቹ ናቸው እማ፤ እየመጡ ይደገፉኛል› ይለኛል። እኔም ሞኟ፣ እውነት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። የልጅ ልጅ ልታቀፍ ነው ብዬ።»

ጠረጴዛው ዳር ተቀመጠች። ሰጋቱራውን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገች፤ ለመቀመጫ አልነበረም፣ እጇ ሥራ ሲያጣ የሚያደርገው ነው።

«አንተ እንጨቱን ሠራህለት፣ እኔ ጨርቁን ጠገንኩለት» አለች። «አንድ ቀን ምሳ ላይ ‹የዚህ ልጅ ሸሚዝ በግራ በኩል ለምን ያልቃል› ብዬ አንተን ብጠይቅህ ምናለ? አንተ ወዲያው ይገባህ ነበር።»

«ይገባኝ ነበር» አለ።

«አልጠየቅሁህም። የጨርቅ ነገር ለወንድ አይወራም ብዬ።»

አናጢው የማንገቻውን ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሐኪሙ አትሸከም ብሎት፣ እነሱ ባልዲ ከልክለውት፣ ልጁ ግን ለዓመታት ፊታቸው ሲሸከም ኖሯል። ያ የልቡ ድካም በዚህ አልመጣም፤ አብሮት የተወለደ ነው ብለው ሐኪሞቹ ነግረውታል። ሆድ ግን ሐኪም አይሰማም። ከሁሉ የባሰው ልጁ የተሸከመው ጊታሩን ብቻ አለመሆኑ ነው። የአባቱን ኩራት ጭምር ተሸክሞለታል፤ እንዳይወድቅበት።

ምሳው ቀዘቀዘ። ከሰዓት በኋላ ሥራው ቀጠለ።

አሁን አንድ ነገር ገብቶታል። ክብደት መጨመር የለበትም፤ ሽቦም እንደ ስሟ ናት። ክፍተቱም መነካት የለበትም። የቀረው ጊታሩ የሚንጠለጠልበትን ቦታ ማዛወር ነው። ማንገቻው የሚያያዘው ከገላው ወደ አንገቱ በኩል በወጣችው ቀንድ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀንዷ ደግሞ አጭር ናት። ለምን አጭር እንደሆነች አናጢው ያስታውሳል። የጣውላው ርዝመት እዚያ ላይ አለቀ፤ ልጁም «ጥጃ ይመስላል፣ ቀንዱ ገና እየበቀለ ነው» ብሎ ወደደው። ተንጠልጣይ ነገር የሚያዝበት ቦታ ከከባዱ ወገን ከራቀ ከባዱ ወገን ይወርዳል። መያዣውን ወደ አንገቱ ማቅረብ ነው።

ጠንካራ እንጨት መርጦ ክንድ መሰል ጎባጣ ቁራጭ ጠረበ። በመላጊያ አሳሳው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። የቀንዷን ጀርባ ሳያቆስል በአሮጌው የማንገቻ ቀዳዳና በአንድ ተጨማሪ ብሎን አሰረው። ክንዱ ከቀንዷ አልፎ ወደ አንገቱ አጋማሽ ተዘረጋ፤ ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ብዙም አይታይም። የማንገቻውን ብረት ጉጥ ጫፉ ላይ ተከለ። አንግቶ ለቀቀ። ጭንቅላቱ ወረደ፤ ግን ትንሽ ወርዶ ቆመ፤ እንደሚያስብ ሰው።

«መቃኛዎቹ» አለ ለራሱ።

ይህን ሲሸሽ ነበር። አራቱ አሮጌ መቃኛዎች ላይ የልጁ ጣቶች አሉ። የወፍራሙ ክር መቃኛ ጫፉ ተጣምሟል፤ አንድ ጊዜ ጊታሩ ወድቆ ነው ብሎ ነበር። ለምን እንደወደቀ አሁን ታወቀ። ክሮቹን አላላ። ቪቶቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴ ፈታ። መቃኛዎቹ ሲወጡ ከሥራቸው ያለው እንጨት ቀለሙ ሳይለወጥ፣ እንደ ቀለበት ምልክት ነጭ ሆኖ ቀረ። አራቱን በሽርጡ ኪስ ከተታቸው። ኪሱ ወደ ታች ሳበው። ለካስ ይህን ያህል ይከብዳሉ።

አዲሶቹን ገጥሞ ክሮቹን መለሰ። ባለቤቱ ከቤት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። አናጢው ጊታሩን አነገተ። ቀኝ ክንዱን አነሳ። ግራ እጁን አንድ አንድ ጣት እያለ ከአንገቱ አላቀቀ።

ጊታሩ አልወረደም። አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ ጸጥ ብሎ፣ ማንም ሳይዘው ቆመ።

ደስ ይለኛል ብሎ ነበር አናጢው። እጆቹ አየር ላይ ቀርተው የሚያደርጉትን አጡ።

«እንዲህ መቆም ትችል ኖሯል» አለው ጊታሩን።

ባለቤቱ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች።

ቅዳሜ አመሻሽ አዳራሹ ሞላ። ባልና ሚስት የኋላ ወንበር መረጡ። ወፍራሜ በነበረ ጊዜም የሚቀመጡት እዚያ ነበር፤ ከፊት ከተቀመጡ ልጁ ደክሞት እንደሆነ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፣ እሱም ያንን አይቶ ይሳሳታል። ሽቦ ወደ መድረክ ወጣች። ፋሻው ከእጇ ላይ የለም። ጎማ ከበሮው ፊት ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ፤ ሰው ሳቀ። ጎማ በዱላው ጫፍ ወደ ጊታሩ አመለከተና «ዛሬ ቀና ብሏል፣ ተጠንቀቁት» አለ።

የመጀመሪያው ድምፅ ወጣ።

አናጢው ደረቱ ላይ ደረሰው። እሱው ነው። ከሁሉ ድምፅ ሥር፣ እንደ ቤት መሠረት፣ ያ ወፍራም፣ ያ ሞቅ ያለ ድምፅ። ክፍተቱ ውስጥ የኖረው ወጣ። የባለቤቱን እጅ ያዘ። እሷም ያዘችው። «መጣ» አለችው በጆሮው፣ እሱም «መጣ» አላት።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ነገር ከነከነው። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባውም። ድምፁ ያው ነው፤ ግን ረዘመ። ሽቦ አንዱን ክር ስትመታው ድምፁ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ እስኪያልቅ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ወፍራሜ እንዲህ አልነበረም። እሱ ይቆርጠዋል። ዱም ይላል፣ ዝም ይላል፤ ዱም ይላል፣ ዝም ይላል። አናጢው «ምን ያስቸኩልሃል፣ ተወው እንጂ ይጨርስ» እያለ ሲያበሽቀው፣ «ትንፋሽ እየቆጠብኩ ነው አባ» ይለው ነበር። አባትየውም የልጁ ጠባይ ይመስለው ነበር፤ ቸኩሎ የመጣ፣ ቸኩሎ የሚሄድ።

አሁን ሽቦን ሲያይ ገባው። የእሷ ግራ እጅ ነፃ ነው፤ ክሩን ተጭኖ እስከፈለገ ይቆያል። የልጁ እጅ ግን ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱን ክር ተጭኖ ወዲያው አንገቱን ለመደገፍ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር ድምፁ ይቆረጣል። ያ አጨዋወት፣ ሰው ሁሉ የወደደለት፣ ልጆች ሊኮርጁት የሚሞክሩት፣ የልጁ እጅ ጊታሩን እንዳይወድቅ ለመያዝ የሚመላለስበት መንገድ ነበር። አናጢው ጊታሩን አቃናው፤ ድምፁ ዳነ። ልጁ ግን ከውስጡ ወጣ። በዚያ አዳራሽ የቀረው የልጁ የመጨረሻ ነገር ያ መቆራረጥ ነበር፣ እሱን ደግሞ በገዛ እጁ ጠገነው።

«ምነው?» አለችው ባለቤቱ፣ እጁ ሲላላ ተሰምቷት።

«ምንም።»

«እሱን አይመስልም እንዴ?»

ቢነግራት ደስታዋን መንጠቅ ነው። «ይመስላል» አላት። «ድምፁ የሱ ነው።»

ሲያልቅ ሽቦ ጊታሩን እንዳነገተች በሰው መሀል ተሹለክልካ መጣች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች፤ ጊታሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባባ፣ ይኸው! አንዴ እንኳ አልያዝኩትም።»

«እጅሽስ?»

«ደህና ነው። ኧረ ምንም አይለኝም።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አባባ፣ መልሺው ካሉኝ አሁኑኑ አወልቀዋለሁ። የእርስዎ ነው።»

አናጢው በኮቱ ኪስ ያሉትን አራት መቃኛዎች በጣቶቹ አገላበጣቸው። የተጣመመውን ከሌሎቹ በዳበሳ ለየው። ልውሰደው ቢል ማን ይከለክለዋል? ወስዶስ? ክንዱን ፈትቶ፣ መቃኛዎቹን መልሶ፣ አንገቱን እንዲደፋ አድርጎ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው?

«አይ ልጄ» አለ። «ያዢው። ተጫወቺበት። እጅ ያልነካው ጊታር ይሰነጠቃል።»

እናትየዋ ደግሞ እጇን ዘርግታ የሽቦን ግራ ትከሻ ዳበሰች። ማንገቻው ያረፈበትን ቦታ፣ ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ፣ ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደምትመረምር አሸት አሸት አደረገችው።

«ያምሻል እዚህ ጋ?»

«አያመኝም እማማ።»

«ተመስገን» አለች። እጇን ግን ቶሎ አላነሳችም፤ ሽቦም አልተንቀሳቀሰችም።

ቤት ሲገቡ ባለቤቱ ልብሷን ሳትቀይር ቁም ሣጥኑን ከፈተችና አንድ ነጭ ሸሚዝ በመስቀያው አወጣች። ግራ ትከሻው ላይ የተጣፈው ቁራጭ ከጨርቁ ጋር ተመሳስሎ ተሰፍቷል፣ ተተኩሷል። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል የገባ ሰሞን ሲወጣ ይለብሰዋል ብላ የጠገነችው ነው።

«ለጎማ ልስጠው ብዬ ነበር» አለች። «ግን አንድ እጁም አይገባበትም።»

አናጢው ፈገግ ለማለት ሞከረ። አልሆነለትም። መቃኛዎቹን ከኮቱ አውጥቶ፣ የት እንደሚያስቀምጣቸው ግራ ገብቶት ቆሞ ቆየ። መጨረሻ ላይ አራቱንም ሸሚዙ የግራ ደረት ኪስ ውስጥ ከተታቸው። ባለቤቱ ሸሚዙን መልሳ ሰቀለችው። ብረቱ ኪሱን ጎተተው፤ ሸሚዙ ከነመስቀያው ወደ ግራ ዘመመ፣ ትከሻው ወረደ።

አናጢው የዘመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የሰው ቤት ገብቶ እንኳ ፎቶ ያቃናል። እጁ ወደ መስቀያው ሄደ።

«ተወው» አለችው።

እጁን መለሰ። ሁለቱም አልጋው ዳር ተቀምጠው ሸሚዙን አዩት። ልጁ ልክ እንደዚያ ነበር የሚቆመው።